ገመዱ ተወጥሮ እያለ የሚታሰርና የሚፈታ ቋጠሮ የቱ ነው?

ጤና ይስጥልኝ። ጣና ላይ የምቀዝፋት ትንሽ ጀልባ አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ፣ ከዳር ምሰሶ ጋር ያሰርኩበት ቋጠሮ ወይ ይላላል ወይ በጥርስ እንኳን የማይፈታ ድንጋይ ይሆናል።

ቦውላይን የሚባለውን፣ በገመዱ ጫፍ ላይ ቀለበት የሚሠራ ቋጠሮ ችያለሁ። ቀለበቱ አይጠብቅም፤ ገመዱ ሲረግብም በቀላሉ ይፈታል። ነገር ግን ነፋሱ ጀልባዋን እየጎተተ ገመዱ ከተወጠረ ማሰርም መፍታትም አይቻልም፤ የሚያስፈልገኝ ደግሞ ያን ጊዜ ነው! በዚያ ላይ ገመዴ ናይለን ስለሆነ ያዳልጣል፤ ሲረግብና ሲወጠር ቦውላይኑ ራሱ ይላላል።

ምሰሶውን ሙሉ ዙር ጠምጥሞ፣ ከዚያ በጫፉ ሁለት ግማሽ ቋጠሮ (ጫፉን በተወጠረው ገመድ ላይ አዙሮ በራሱ ሥር ማሾለክ) ማሰር ይሻላል ተብያለሁ። ናይለን ላይ ሁለቱ ይበቃሉ ወይስ ሦስተኛ ልጨምር? ጫፉስ ምን ያህል ይትረፍ? በሥራው ያላችሁ፣ እጃችሁ የለመደውን ንገሩኝ።