ያላለቀ ስጦታን ኢኩዊቲ የሚጨርሰው መቼ ነው? እርዱኝ በናታችሁ

ሰላም ወገን፣ የእንግሊዝ ሕግ የተማራችሁ ካላችሁ ድረሱልኝ፣ የትረስት (የአደራ ንብረት ሕግ) ፈተናዬ ሐሙስ ነው። መነሻውማ ገብቶኛል፣ በ1862 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ሚልሮይ ቪ ሎርድ በሚባለው ፍርድ ላይ ስጦታው በደንብ ካልተላለፈ ኢኩዊቲ (ደረቁን ሕግ በህሊናና በፍትሕ የሚያለዝበው የእንግሊዝ ሕግ ክፍል) አይጨርስልህም ተባለ፣ አለቀ። ከዛ ሪ ሮዝ የሚባለው ፍርድ መጣ፣ ሰውዬው ማርች 1943 የሼር (የካምፓኒ አክሲዮን) ማዘዋወሪያ ፎርም ፈርሞ ሰጠ፣ ካምፓኒው የመዘገበው ጁን ላይ ነው፣ ግን በሱ በኩል ያለውን ሁሉ ስለጨረሰ ከማርች ጀምሮ ይቆጠራል አሉ። ይሁን እሺ።

ያሳበደኝ የ2002ቱ ፔኒንግተን ቪ ዌይን ነው። አክስትየዋ 400 ሼር ልትሰጥ ፎርሙን ፈርማ ለኦዲተሩ ሰጠችው፣ እሱ ፋይል ውስጥ ከቶት ቁጭ! ለተቀባዩም ለካምፓኒውም ሳይደርስ ሞተች፣ ፍርድ ቤቱ ግን ተቀባዩ ምንም ማድረግ አይጠበቅብህም ተብሏል፣ ዳይሬክተር ለመሆንም ተስማምቷል፣ አሁን ወደኋላ ማለት ከህሊና ውጪ ነው ብሎ አጸናው። ታዲያ የሚልሮይ ሕግ ምን ቀረው? ለኔ ዳኞቹ አዝነውለት ነው የሚመስለኝ።

የተሰጠን ጥያቄ ላይ አጎትየው ፎርሙን ፈርሞ የራሱ መሳቢያ ውስጥ ትቶት ይሞታል፣ ለልጅቷ በስልክ "ሼሩ ያንቺ ነው" ብሏታል፣ እሷም በዛ ተማምና ስራዋን ለቃለች፣ ኑዛዜው ላይ ደሞ አስፈጻሚዋ ራሷ ናት። በሪ ሮዝ አያስኬድም አይደል፣ ፎርሙ ከእጁ አልወጣማ? በፔኒንግተን ልሂድ ወይስ በ1874ቱ ስትሮንግ ቪ በርድ (ሰጪው እስኪሞት ሃሳቡን ካልቀየረና ተቀባዩ የኑዛዜው አስፈጻሚ ከሆነ ስጦታው ይጸናል በሚለው)? በሱ ከሄድኩ የመስጠት ሃሳቡ እስኪሞት አለመቀየሩን በምን ላሳይ?