ጠቅላላው ልክ ነው ተብሎ በኋላ አክስል ብቻ የተያዘ መኪና፣ "ልዩ ፈቃድ" የሚባለው ይረዳናል ወይ?

የአንኮበሯ፦
ሰላም ለዚ ቤት ሰዎች። የጭነት መኪና ነገር የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ። ያለነው ደብረ ብርሃን ነው፣ ከወንድሜ ጋር በጋራ የገዛነው ባለ ሶስት አክስል (ግራና ቀኝ ጎማው የሚያያዝበት ዘንግ) የጭነት መኪና አለን፣ እሱ በሌላ ስራ ስለሚያዝ ሂሳቡንም ወረቀቱንም የምከታተለው እኔ ነኝ፣ ሹፌር ቀጥረናል፣ ጨዋ ልጅ ነው። ሰሞኑን ሲሚንቶ ጭኖ ወደ ሸዋ ሮቢት ሊወርድ መንገድ ላይ ሚዛን ወጣና ጠቅላላ ክብደቱ ልክ ነው ተባለ፣ ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ኩንታል አንድም አላለፈም፣ ግን የኋላው አክስል በልጧል ብለው አቆሙት። ይሄ ነው ያልገባኝ፣ በጠቅላላው ካልበለጠ ከኋላ እንዴት ይበልጣል?? ሹፌሩ ደንግጦ በስልክ "እትዬ ምንም ትርፍ አልጫንኩም" ይለኛል፣ አምነዋለሁ፣ የጭነት ወረቀቱንም በአይኔ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ደሞ አንድ ደላላ ይሄን ሰምቶ ደወለልኝና "ለዚህማ ልዩ ፈቃድ የሚባል አለ፣ ብሩን ስጪኝና እኔ አስወጣልሻለሁ፣ ከዛ በኋላ ሲሚንቶም ሆነ አሸዋ እንደፈለጋችሁ ትጭናላችሁ ማንም አይነካችሁም" አለኝ። እውነት እንዲ አይነት ፈቃድ አለ? ካለስ ለኛ ይሆናል? ወንድሜ እናውጣው እያለ ነው፣ እኔ ልቤ አልተቀበለውም።

ጣርማበር_ወራጅ፦
እህቴ ልብሽን ስሚው፣ ለደላላው አንድ ብር እንዳትሰጪ፣ ስለ ፈቃዱ የሚያውቁ ይጽፉልሻል እኔ ስለ አጫጫኑ ልንገርሽ። በዚ መስመር ስነዳ ነው የኖርኩት።

ሹፌራችሁን አንድ ነገር ጠይቂው፣ ሲጫን የት ነበር? አብዛኛው ሹፌር ሲጫን ሻይ ቤት ነው ወይ ጋቢና ውስጥ ተኝቷል። ጫኝ አውራጆች ደሞ ከረጢቱን ተሸክመው የሚገቡት በኋላ በር ነው፣ እስከ ፊት ድረስ መሄዱ ስለሚደክማቸው ከፊት በኩል ሶስት አራት ረድፍ ዝቅ አርገው ይተዉትና ኋላው ላይ ይከምሩታል። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ተቆጥሮ ነው የገባው፣ ቦታው ግን ልክ አይደለም። ይሄን ሳትወጪ ከመሬት ሆነሽ ታውቂዋለሽ፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ በጎን እዪው፣ የኋላው ባሌስትራ ቀጥ ብሎ ከተዘረጋ ወይ ወደታች ከጎበጠ የፊቱ ግን ገና እንደተቀሰረ ካለ ጭነቱ ኋላ ነው ያለው። ጎማውንም እዪ፣ የኋላ ጥንድ ጎማ ከታች በኩል ሁለቱ ጎን ለጎን ሊነካኩ ደርሰው ከሆነ ሌላ ሚዛን አያስፈልግሽም።

ይሄ ነገር የቅጣት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልሽ። ኋላው ሲከብድ ፊቱ ይቀላል፣ ፊቱ ሲቀል መሪው መሬት አይዝም። ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነሽ፣ ሸዋ ሮቢት ስትደርሺ 1,300 ሜትር ገደማ ነሽ፣ በዛ ሁሉ ቁልቁለትና ጥምዝምዝ ላይ በተለይ ክረምት ጉሙ ሲወርድ መሪው የማይታዘዝ መኪና ምን ማለት እንደሆነ ደብረ ሲና ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከኋላ የበለጠበት አክስል ደሞ ፍሬኑ ቀድሞ ይግላል፣ የፍሬን ሸራው ይሸታል፣ ከዛ ታምቡሩ (ሸራው የሚይዘው ከበሮ) ግሎ መያዝ እምቢ ይላል። ስለዚህ ያቆሙት ሰዎች ለልጁ ህይወት ውለታ ነው የዋሉለት ባይ ነኝ።

መሐንዲስ_ዘሰላሌ፦
ወንድሜ ከላይ ያለው ልክ ነው። ስራዬ የመንገድ ዲዛይን ስለሆነ "ለምን አክስል በአክስል ይመዘናል" የሚለውን ልጨምር።

አስፋልቱ የመኪናውን ጠቅላላ ክብደት አያውቀውም፣ እሱ የሚያውቀው ጎማው በረገጠበት ቦታ የወረደበትን ነው። በ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ ኦታዋ የምትባል ከተማ አጠገብ ለሙከራ ብቻ የተሰራ መንገድ ላይ የተለያየ ክብደት የጫኑ መኪናዎችን እያመላለሱ አስፋልቱ እንዴት እንደሚሰበር ለክተው ነበር፣ ዛሬም የአለም የመንገድ ዲዛይን በአብዛኛው ከዛ ሙከራ ነው የተነሳው። የተገኘው ነገር፣ ጉዳቱ ከክብደቱ እኩል አያድግም፣ በአራተኛ ፓወር ነው ማለት ይቻላል፣ ማለትም ክብደቱ ስንት እጥፍ እንደሆነ አራት ቦታ ጽፈሽ እርስ በርስ ታባዢዋለሽ። ባለ 10 ቶን አክስል ላይ 12 ቶን ብትጭኚ ጭነቱ በ20 በመቶ ነው የጨመረው፣ ጉዳቱ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ (1.2 አራቴ በራሱ ሲባዛ 2.07)። 13 ቶን ካደረግሽው ወደ 3 እጥፍ ይጠጋል። እጥፍ ብትጭኚበት 16 እጥፍ። በሌላ አነጋገር 2 ቶን ትርፍ ያለው አክስል ባለፈ ቁጥር ልክ የጫነ ሌላ አክስል ተከትሎት እንዳለፈ ነው የሚቆጠረው፣ የዛኛው ኪራይ ግን ለማንም አልተከፈለም።

አሁን ወደ ሲሚንቶሽ። ከፊት አክስል እስከ ኋለኞቹ ጥንዶች መሀል 5 ሜትር ነው እንበል። አንድ ከረጢት 50 ኪሎ ስለሆነ 40 ከረጢት 2 ቶን ነው። እነዛን 40 ከረጢቶች ከኋላ አንስታችሁ 2 ሜትር ተኩል ወደፊት ብታመጧቸው 2 በ2.5 ተባዝቶ ለ5 ሲካፈል 1 ቶን ይመጣል፣ 10 ኩንታል ማለት ነው ከኋላ ወርዶ ወደ ፊት አክስል ይሄዳል። አንድ ከረጢት ሳይወርድ! የመኪናሽን ርቀት በሜትር ለክተሽ በዛው ሂሳብ ስሪው። ግን ወደፊት ሲበዛም የፊቱ አክስል የራሱ ጣሪያ አለው፣ እሱም ከኋላው ያነሰ ነው፣ ስለዚህ ሚዛን ላይ የሚሰጣችሁን ወረቀት አትጣሉት፣ የእያንዳንዱ አክስል ቁጥር ለብቻ የተጻፈበት እሱ ነው።

ልዩ ፈቃድ የሚባለው አዎ አለ፣ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው የሚመለከተው። ግን ለማይከፋፈል ጭነት ነው። ትራንስፎርመር፣ ተርባይን፣ ትልቅ ጄኔሬተር፣ ዶዘር። ዶዘርን ለሁለት ቆርጠሽ በሁለት መኪና አትጭኚውም፣ መንገዱ ላይ ማለፍ ደሞ አለበት፣ ስለዚህ የትኛው መኪና በየት መንገድ በየትኞቹ ድልድዮች ላይ እንደሚያልፍ ታይቶ ለዛ ጉዞ ይፈቀዳል። ሲሚንቶና አሸዋ ትርፉ ይወርዳል፣ በቃ። "እንደፈለጋችሁ ትጭናላችሁ" የሚል ፈቃድ የለም።

ባለሲኖው፦
ሁላችሁም ትክክል ናችሁ ግን የኛንም ነገር ስሙልን። እኔ አሸዋ ነው የምጭነው። ደንበኛው የሚገዛኝ በሜትር ኪዩብ ነው፣ 16 ሜትር ኪዩብ ሲኖ ሞልተህ አምጣ ይልሃል፣ ቀንሰህ ብትመጣ ዋጋውን ይቆርጣል ወይ ሌላ መኪና ይጠራል። ጎማው፣ ዘይቱ፣ ናፍጣው፣ የረዳቱ ደሞዝ ሁሉም ጨምሯል፣ የኪራይ ዋጋው ግን ባለበት። በህግ ልክ የጫነ ሰው ከስሮ የበለጠ የጫነ ሰው ሲያተርፍ እያየህ ስንት ቀን ትታገሳለህ? የሚቀጣው ግን ሁሌ ሹፌር ነው፣ ያስጫነው ሰውዬ ስሙም አይነሳም። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አስጫኙም ይጠየቅ፣ ያኔ ሁላችንም ልክ እንጭናለን ዋጋውም ይስተካከላል።

መሐንዲስ_ዘሰላሌ፦
ባለሲኖው በዚ እስማማለሁ፣ አስጫኙ መጠየቅ አለበት፣ ያንን የሚያደርጉ አገሮችም አሉ። ግን አሸዋ ላይ አንድ ነገር አስብ፣ ደረቅ አሸዋ በሜትር ኪዩብ 1.6 ቶን አካባቢ ነው፣ ከወንዝ የወጣ ውሃ ያዘለ ሲሆን 1.9 ይደርሳል። ያው 16 ሜትር ኪዩብ ካሶኒህ ደረቁን ስትሞላው 25.6 ቶን ነው፣ እርጥቡን ስትሞላው ከ30 በላይ። ወደ 5 ቶን የሚጠጋ ውሃ ነው የምታጓጉዘው፣ ገዢው ደሞ ለውሃው አይከፍልህም፣ ጎማህ ግን ይከፍላል። ቢያንስ አንድ ሌሊት ተከምሮ ውሃው ከወረደለት አሸዋ ጫን፣ የካሶኒውንም ከፍታ በሳንቃ አታስረዝመው።

መንዜው_ከዳላስ፦
ሰላም ያገሬ ልጆች። የመሀል ሜዳ ልጅ ነኝ አሁን አሜሪካ ትራክ ነው የምነዳው። እዚም ያው ህግ ነው፣ ልዩነቱ ሁሉም ሰው አክስሉን ሳያይ ከግቢ አይወጣም። በኢንተርስቴት መንገድ ጠቅላላ ጣሪያው 80,000 ፓውንድ ነው፣ 36.3 ቶን ገደማ፣ ነጠላ አክስል 20,000 ፓውንድ (9 ቶን አካባቢ)፣ ጥንድ አክስል 34,000 (15.4 ቶን)። ጠቅላላህ 78,000 ሆኖ የተሳቢው ጥንድ አክስል 35,000 ከሆነ ትቀጣለህ፣ ልክ እንደ እህታችን። ስለዚህ ጭነን እንደወጣን ነዳጅ ማደያ ያለው ሚዛን ላይ ከፍለን እንመዘናለን፣ ቁጥሩ ልክ ካልሆነ የተሳቢው ጎማዎች ከስር ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ሀዲድ ላይ ስለሚንሸራተቱ ፒኑን ነቅለን ጎማውን ወደኋላ ወይ ወደፊት እንገፋዋለን፣ ጭነቱ ሳይነካ ክብደቱ ይከፋፈላል። ያገራችን መኪና ይሄ የለውም፣ ስለዚህ እናንተ ጋ ያለው መላ አጫጫኑ ብቻ ነው።

ሌላው፣ አክስሎቹ የተቀራረቡበት አጭር መኪና እዚ 80,000 ሙሉውን አይፈቀድለትም፣ ለድልድይ ሲባል በአክስሎቹ ቁጥርና ርቀት የሚሰላ ፎርሙላ አለ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. በወጣው ህግ የገባ ነው። ፈቃድ ደሞ ስቴት በስቴት ነው የሚወጣው፣ አራት ስቴት ካቋረጥክ አራት ፈቃድ። የማይከፋፈል ለሚለውም መለኪያ አላቸው፣ አንዱ በተገቢው መሳሪያ ለመፍታት ከ8 የስራ ሰአት በላይ የሚፈጅ መሆኑ ነው። ሲሚንቶ በከረጢት ይዘህ ፈቃድ ብትጠይቅ ማንም አያናግርህም።

የጠራው፦
እኔም በዚው ልጠይቅ፣ ወደ መንዝ በኩል ዶዘር በሎውቤድ (ወለሉ ዝቅ ያለ ተሳቢ) ሊሄድ ነው፣ ባለቤቱ "በሌሊት እናሳልፈው" ይላል። ዶዘሩ 38 ቶን ነው።

መሐንዲስ_ዘሰላሌ፦
በሌሊት በፍጹም። 38 ቶን ዶዘር ላይ የሎውቤዱና የጎታቹ ክብደት ሲደመር እኮ ለማነጻጸር ያህል በኬንያና በታንዛኒያ በኩል ለባለ ብዙ አክስል መኪና የተቀመጠውን የ56 ቶን ጣሪያ ይነካል ወይ ያልፋል፣ የምስራቅ አፍሪካ ማህበረሰብ ህግ ነው። መጀመሪያ የሚፈታውን ፍቱ፣ የፊት ምላጩና የኋላ ሪፐሩ (መሬት መቅደጃው) ወርደው በሌላ መኪና ይሂዱ፣ ብዙ ቶን ይቀንሳል። ከዛ ለቀረው ፈቃድ ጠይቁ፣ ማመልከቻው ላይ የአክስሎቹን ቁጥር፣ በመሀላቸው ያለውን ርቀትና መንገዱን በትክክል ጻፉ። ትንንሽ ድልድዮች ናቸው የሚያሳስቡት፣ አስፋልት ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳው፣ ድልድይ ግን አንድ ጭነት ይበቃዋል። በቀን፣ አጃቢ መኪና ከፊት ይዞ፣ ድልድዩ ላይ ብቻውን በቀስታ በመሀል መስመር ይለፍ።

አባይ በረሃን ያየ ሰው ይሄን ይረዳኛል፣ ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,400 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፣ ከስሩ አፈሩ ራሱ እየተንሸራተተ ያስቸግራል፣ ከላይ ደሞ ትርፍ የጫነ መኪና በማርሽ እየተጎተተ አስፋልቱን እንደ ሊጥ ይገፋዋል። ያንን መንገድ ለመጠገን የወጣው ገንዘብና ድካም ቀላል አይደለም፣ እናንተም ባለ መኪኖች ናችሁ ባሌስትራ ሲሰበር የምትከፍሉት።

የአንኮበሯ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሹፌሩን ጠየቅኩት፣ ጣርማበር ወራጅ እንዳልከው ነው፣ ሲጫን ወረቀት ሊያስፈርም ሄዶ ነበር፣ ሲመለስ ሸራው ለብሶ ታስሮ ነው ያገኘው። ርቀቱን ዛሬ በሜትር አስለክቼው 4 ሜትር ከ60 ነው አለኝ። ወንድሜ ይሄን ሁሉ አንብቦ ደላላውን ራሱ ደውሎ እንደማንፈልግ ነገረው። ከአሁን በኋላ ጫኞቹ ከፊት ግድግዳ ጀምረው እኩል እየደረደሩ እንዲመጡ፣ ኋላ በር ጋ የመጨረሻው ረድፍ ዝቅ እንዲል ተስማምተናል፣ ለጫኞቹም ትንሽ እንጨምርላቸዋለን። አንድ የቀረኝ፣ ከመንገድ ሚዛን በፊት በራሳችን የምንመዝንበት ቦታ ይኖራል?

ጣርማበር_ወራጅ፦
እህል የሚቀበሉ መጋዘኖችና አንዳንድ ፋብሪካዎች የራሳቸው የመኪና ሚዛን አላቸው፣ ከፍለሽ ይመዝኑልሻል። ጠቅላላውን ብቻ የሚያሳይ ከሆነ መጀመሪያ የፊት ጎማ ብቻ ወጥቶ ይነበብ፣ ከዛ ሙሉው፣ ልዩነቱ የኋላው ነው። ወለሉ ደልዳላ መሆኑን ብቻ አረጋግጪ፣ ካልሆነ ቁጥሩ ያሳስታል። እና ታንከሩ ሙሉ ሆኖ ይመዘን፣ 400 ሊትር ናፍጣ ብቻውን ከ3 ኩንታል በላይ ነው።