የክርክር ክበባችንን ጊዜ እንዴት ላብቃቃው?

በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የክርክር ክበብ ሰብሳቢ ተማሪ ስሆን፣ መፍትሔ ላጣሁለት ችግር ምክራችሁን በትሕትና እጠይቃለሁ። ክበባችን የሚከተለው በዓለም አቀፉ የትምህርት ቤቶች የክርክር ሻምፒዮና የሚሠራበትን ሥርዓት ነው። በዚህ መሠረት ሁለት ቡድኖች እያንዳንዳቸው 3 ተናጋሪዎችን ያሰልፋሉ፤ ለእያንዳንዱ ተናጋሪ 8 ደቂቃ ይሰጠዋል፤ በመጨረሻም ከየቡድኑ የመጀመሪያው ወይም ሁለተኛው ተናጋሪ የ4 ደቂቃ የማጠቃለያ ምላሽ ያቀርባል። ይህ ሲደመር 56 ደቂቃ ይሆናል፤ ለክበብ የተፈቀደልን ግን 40 ደቂቃ ብቻ ነው።

ንግግሩን ወደ 5፣ ምላሹን ወደ 2 ደቂቃ ዝቅ አድርገን ሞክረናል። በቁጥር ሲታይ 34 ደቂቃ ስለሆነ የሚበቃ ይመስላል፤ ነገር ግን ወንበር ተስተካክሎ፣ ዳኞችም ተመካክረው ሳይጨርሱ ደወሉ ስለሚደወል፣ ተከራካሪዎቹ የት እንደተሳሳቱ ሳይነገራቸው ይበተናሉ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ከ20 በላይ ከሆኑት አባላት 6ቱ ብቻ ሲናገሩ ሌሎቹ ተመልካች ሆነው መቅረታቸው ነው። አዲስ የገቡት ተማሪዎች ሁለት ሳምንት ያህል ዝም ብለው ከተቀመጡ በኋላ መምጣት ያቆማሉ (እኔም በእነርሱ ቦታ ብሆን የምመለስ አይመስለኝም)።

የክበቡ ኃላፊ መምህራችን አንዱን ክርክር ለሁለት ሳምንት እንድንከፍለው ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ ሞክረነውም የመጀመሪያው ሳምንት ነጥብ በሁለተኛው ተረስቶ ተገኘ። ታዲያ ሁለት አጫጭር ክርክሮችን ጎን ለጎን ማካሄድ ይሻላል ወይስ በንግግር መካከል ጥያቄ የማንሳትን ዕድል ለተመልካቾችም መክፈት? መዳኘት የሚችሉ ተማሪዎች ያሉን 2 ብቻ መሆናቸውን ከግምት አስገብታችሁ፣ ተመሳሳይ ክበብ የመራችሁ ሰዎች ልምዳችሁን እንድታካፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።