ጥቆማ፦ ታሮት ለጀማሪ፣ ሀዋሳ ላይ ካርዱን ልግዛ ወይስ ላሳትም?

ማክዳ ሀይቅ ዳር
ሰላም ቤቶች። ታሮት፣ ማለትም ለንግርት የሚገለጡትን የሥዕል ካርዶች፣ ማንበብ ከዜሮ ልጀምር ነው። ሀዋሳ ውስጥ ካርዱን በእጅ አይቶ መግዛት የሚቻልበት ቦታ አለ? ከሌለ የታየኝ ሦስት መንገድ ነው፤ ከአዲስ አበባ የቴሌግራም ሻጭ ማስላክ፣ እዚሁ ማተሚያ ቤት ማሳተም፣ ወይ ለጊዜው በስልክ አፕ መለማመድ። ደግሞስ ከሁለቱ የካርድ ዓይነቶች ለጀማሪ የሚቀለው የማርሴይ ነው የራይደር ዌይት? የምታውቁ ብቻ መልሱልኝ።

ወረቀት ቆራጩ
የራይደር ዌይት። ሁለቱም 78 ካርድ አላቸው፤ 22 ሜጀር አርካና (ዋናዎቹ)፣ 56 ማይነር (ታናናሾቹ)። ማይነሩ በበትር፣ በጽዋ፣ በሰይፍና በሳንቲም ይከፈላል፤ እያንዳንዱ 14 ነው፣ ከ1 እስከ 10 ከዚያ ፔጅ (አገልጋይ)፣ ናይት (ፈረሰኛ)፣ ንግሥት፣ ንጉሥ። ልዩነቱ የቁጥር ካርዶቹ ላይ ነው። በማርሴይ ሰባት ሰይፍ ማለት ሰባት ሰይፍ ተደርድሮ ነው፣ በቃ። በራይደር ዌይት ግን አንድ ሰውዬ አምስት ሰይፍ ታቅፎ፣ ሁለቱን መሬት ላይ እንደተተከሉ ትቶ፣ ወደ ኋላ እየተገላመጠ በእግሩ ጣት ሲሾልክ ታያለሽ። ትርጉሙ ቢጠፋሽ ሥዕሉ ይነግርሻል።

ሥዕሉን የሠራችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ናት፤ ካርዱ ለንደን ላይ በ1909 እ.ኤ.አ. ወጣ። እሷ ያረፈችው በ1951 ስለሆነ የቀድሞው ሥዕል የባለቤትነት መብት 70 ዓመት በሚቆጠርባቸው አገሮች እንኳ አልፏል። ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ የድሮው ስካን በነፃ አለ፤ ያንን አውርጂ። በኋላ ቀለሙ የታደሰውን እትም ግን ተዪው፣ እሱ ባለቤት አለው።

ልኩን ልንገርሽ። መደበኛው 70 በ120 ሚሊ ሜትር ነው። ኤ4 ላይ ሦስቱን ጎን ለጎን ብታደርጊ የወረቀቱን 210 ሚሊ ስፋት ጥንቅቅ አድርጎ ስለሚሞላ ፕሪንተሩ ጠርዙን ይበላዋል። ስለዚህ ወይ ወደ 63 በ108 አሳንሺው፤ በአንድ ኤ4 ስድስት ይገባል፣ 13 ወረቀት ልክ 78 ይሆንልሻል። ወይ ሳታሳንሺ ኤ3 ላይ 12 እየደረደርሽ በ7 ወረቀት ጨርሺ። ወረቀቱ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚባለው ወፍራሙ ይሁን። 200 ግራም ቶሎ ይጎብጣል፣ በብርሃንም ያሳልፋል።

ሰሚ አቶቴ
ማሳተም ብለሽ አትድከሚ። ስሙን የማልጠራው ቤት ሠርቶ ያስረከበኝ ይኸው፦ ጀርባው ከፊቱ 3 ሚሊ ተንሸራትቷል። ጀርባው ነጭ ፍሬም ስላለው አንዱ ጋ ቀጭን፣ ሌላው ጋ ወፍራም ሆኖ ካርዱ ሳይገለበጥ ገና ማን እንደሆነ ያስታውቃል። ላሚኔሽኑ የመታወቂያው ነው። 78ቱ ሲደረደር ወደ 4 ሴንቲ ተኩል ሆነ፣ በአንድ እጅ አይያዝም። ጠርዙ ደግሞ ጣት ይቆርጣል። «ፋይሉን ያመጣኸው አንተ» ተብሎ ተዘጋ።

ብሩኬ
የት ነው? ስሙን ጻፈው እንጂ ሌላውም ይጠንቀቅ።

ሰሚ አቶቴ
አልጽፍም አልኩ።

ትዕግስት ታቦር
ፒያሳ ከሆነ አውቄዋለሁ 😂

ሰሚ አቶቴ
ፒያሳ አላልኩም፣ አቶቴም አላልኩም። ቦታ አትገምቱ።

የገብርኤል ልጅ
ሰዉ መርጦ አይሄድም፣ ከዚያ ያማርራል። ገብርኤል አካባቢ የኛ ሰውዬ አለ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ስጪው። የሰርግ ጥሪ፣ የምርቃት መጽሔት፣ ባነር፣ ምን የማይሠራው አለ። ሀዋሳ ውስጥ እንደሱ የለም።

ወረቀት ቆራጩ
ፊትና ጀርባ ያለው፣ የሚበወዝ ካርድ አሳትሞ ያውቃል?

የገብርኤል ልጅ
አያውቅም። ግን ሰው ነው።

ብሩኬ
በቃ፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል። ካርዱ ጣት ቢቆርጥ እንኳ አብሮ ያዝናል።

የገብርኤል ልጅ
ቀልድ አይደለም። ቅር ያለው ደንበኛ አላየሁም።

ወረቀት ቆራጩ
ሰሚ፣ ያንተን ችግር ከየት እንደመጣ ልንገርህ፣ ማክዳም ትስማ። 300 ግራም ወረቀት በብዙ ማሽን ውስጥ ራሱ ስለማይገለበጥ ሠራተኛው በእጁ ገልብጦ ነው የሚያስገባው። ያኔ 1 ወይ 2 ሚሊ መሸሽ ያለ ነው። 3 ከሆነ ወረቀቱ መግቢያው ላይ በደንብ አልተያዘም። መፍትሔው ማሽኑን መለመን ሳይሆን ጀርባውን አስተካክሎ መሥራት ነው፦ ፍሬም አይኑረው። ዳር እስከ ዳር የሚሄድ ጥለት አድርጊና በየጎኑ ከመቁረጫው መስመር 3 ሚሊ እንዲያልፍ ተዪው፤ ቢንሸራተት ማንም አያይም። ይህን ትርፍ ጠርዝ የምትጨምሪ ከሆነ በካርዶቹ መሀል ክፍተት ስለሚፈልግ ተራው ኤ3 ይጠብሻል፤ 320 በ450 የሆነውን ትልቁን ወረቀት ጠይቂ። ጥለቱ ተገልብጦም አንድ ዓይነት መምሰል አለበት። ያለበለዚያ ካርዱ ቀጥ ያለ ይሁን የተገለበጠ ከጀርባው ያስታውቅብሻል።

ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት አንድ ወረቀት ብቻ ያትሙና ወደ መስኮት ብርሃን አንስተሽ ፊትና ጀርባውን አመሳክሪ። በጥፍርሽም ፋቅ አድርጊው። ቀለሙ ከተላጠ በሌዘር ሲያትሙ የወረቀቱን ዓይነት «ወፍራም» አላሉትም ማለት ነው፤ ሙቀቱ ስላልደረሰው ዱቄቱ አልያዘም። ላሚኔሽን ከፈለግሽ በጥቅል የሚመጣውን ስሱን ማት (የማያብረቀርቅ) ፊልም በይ፤ እሱ ውፍረት ብዙም አይጨምርም፣ ያለ ላሚኔሽን 78ቱ 3 ሴንቲ አይሞላም። የመታወቂያው ኪስ ግን በየጎኑ 125 ማይክሮን ከሆነ በአንድ ካርድ ሩብ ሚሊ፣ በ78ቱ ወደ 2 ሴንቲ ይጨምራል። ሰሚን ያገኘው ይኸው ነው።

ቁረጣውንም አትርሺ። ሁሉንም ከምረው በአንዴ ሲጫኑት የታችኞቹ ከቢላው ይሸሻሉ፤ ላይኛው 70፣ ታችኛው 71 ይወጣል፣ ያ ካርድ ሲበወዝ ሁሌ ይወጣልሻል። ጥቂት ጥቂት ይቁረጡ። ማዕዘኑ ይዙር፤ ሹል ከተተወ በሳምንት ይላጣል።

ዋጋ እዚህ አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይዋሻል። በወረቀት ስንት፣ ቁረጣ ለብቻው ስንት ብለሽ ጠይቂ።

ወንድወሰን ቲ.
ጎበዝ፣ ካርድ ላይ ከሆናችሁ አይቀር የፋይዳ መታወቂያ በፕላስቲክ ካርድ በደንብ የሚያትም ጠቁሙኝ። የመጀመሪያው ኪውአሩ ደብዝዞ አልነበብ አለ።

ትዕግስት ታቦር
መነኸሪያው አካባቢ ካሉት ጠይቅ። ከፒዲኤፉ ራሱ ያትሙልህ፣ ከስክሪን ሾት ከሆነ ይደበዝዛል።

ወንድም ናትናኤል
ወገኖቼ፣ ስለ ወረቀት ግራም ትከራከራላችሁ፣ ዋናውን ነገር ግን የሚያነሳ የለም። ይህ ጥንቆላ ነው። ዘዳግም 18ን ከቁጥር 10 ጀምራችሁ አንብቡ።

ብሩኬ
ወንድም ናቲ፣ እኔ እንኳ የማልቀበለው በሌላ ምክንያት ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. በርትራም ፎረር የሚባል የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ «ለእያንዳንዳችሁ የተጻፈ» ብሎ አንድ ዓይነት ጽሑፍ አደላቸው። ምን ያህል እንደገለጻቸው ከ5 ሲመዝኑት አማካዩ 4.26 ሆነ። ጽሑፉን የለቀመው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነበር። ማክዳ እሱን ታትመው፣ አንድ ገጽ ነው፣ ቁረጣ የለውም 😂

የማርሴይ ሰው
ታሮት እኮ መጀመሪያ ጨዋታ ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ካርታ ሆኖ ተጀመረ፤ ለንግርት የዋለው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ላይ ነው። ፈረንሳይ ዛሬም ይጫወቱበታል። ስለዚህ ጥያቄሽ መልሱ ማርሴይ ነው። ሥዕል እየጠቆመሽ የምታነቢ ከሆነ ማንበብ አልተማርሽም።

ወረቀት ቆራጩ
ለጀማሪ ነው የተጠየቀው።

የማርሴይ ሰው
ጀማሪ በማርሴይ ይጀምር።

እማማ ዘነቡ
ልጄ፣ ቡናሽን ጠጥተሽ ስኒውን ገልብጪ። ማተሚያ ቤትም አያስፈልግ።

ደረጀ ካርታ
ተራ ካርታ ካለሽ እሱም ይሠራል። ቀይ ልቡ ጽዋ፣ ዳይመንዱ ሳንቲም፣ ጥቁሩ ባለ ሦስት ቅጠል በትር፣ ጥቁሩ ባለ ጦር ጫፍ ሰይፍ። 52 ስለሆነ አራቱ ናይቶች ይጎድሉሻል፣ 22ቱ ሜጀርም የሉም። ቁጥሩን ለመልመድ ግን ይበቃል፤ ኪዮስክ ሁሉ አለ።

ማክዳ ሀይቅ ዳር
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም 🙏 ሌላ ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ካርድ ሰው ካልሰጠሽ አይሠራም፣ በጥቁር ጨርቅም መጠቅለል አለበት የሚባለው እውነት ነው? ቴሌግራም ላይ ያየሁት ሻጭ ጨርቁን ለብቻው ያስከፍላል።

ሊያ ሞቢል
ሁለቱም ወግ ነው፣ ደንብ አይደለም። ጨርቅ ጥቅሙ ካርዱ መሬት እንዳይነካና እንዳይጫር ነው፤ ነጠላሽም ይሆናል። ሻጩን ግን ተጠንቀቂ። ኮፒ የሆኑት አብዛኛውን ጊዜ 10.3 በ6 ሴንቲ ናቸው፣ አብራ የምትመጣው የትርጉም መጽሐፏ የለችም፣ በምትኩ ሳጥኑ ላይ ኪውአር አለ። ከመክፈልሽ በፊት ካርዱ አጠገብ ማስመሪያ አስቀምጦ ፎቶ ያንሳ፣ 78ቱንም እየቆጠረ በቪዲዮ ያሳይሽ። እንቢ ካለ እለፊው።

አፑ መጥፎ አይደለም፤ ጉዳቱ ሥዕሉን ሳታዪ ትርጉሙን ያቀርብልሻል። ጽሑፉን በእጅሽ ሸፍነሽ ያየሽውን መጀመሪያ ደብተር ላይ ጻፊ፣ ከዚያ ግለጪው።

78ቱን በቃል መሸምደድ ተዪ። አሥር ቁጥርና አራት ዓይነት ብቻ ያዢ። በትር ሥራና ጉልበት፣ ጽዋ ስሜት፣ ሰይፍ ሐሳብና ጠብ፣ ሳንቲም ገንዘብና ኑሮ። 1 ጅማሬ፣ 4 መርጋት፣ 5 መናጋት፣ 10 ማብቂያ፣ እያልሽ ሌሎቹን ሙዪ። አሁን አምስት ጽዋን አውጪ። ስሜት ላይ መናጋት፣ ማለትም ሐዘን። ሥዕሉን እዪ፦ ጥቁር ካባ የለበሰ ሰው አንገቱን ደፍቷል፣ ፊቱ ሦስት ጽዋ ተደፍቷል፣ ከኋላው ሁለቱ ቆመዋል፣ እሱ አላያቸውም። መጽሐፍ ሳትከፍቺ ግማሹን አነበብሽ ማለት ነው።

በቀን አንድ ካርድ። ሲለመድሽ ሦስት፦ ያለፈው፣ ያለው፣ የሚመጣው። አሥር ካርድ የሚፈልገውን የኬልት መስቀል የሚባል አደራደር አሁን አትንኪው፤ ጀማሪ አሥሩን ለየብቻ ያነብና ማያያዝ ያቅተዋል። የተገለበጠ ካርድም ለጊዜው ቀጥ አድርገሽ አንብቢ። ጥያቄሽ «ያገባኛል ወይ» ሳይሆን «እዚህ ነገር ላይ ያላየሁት ምንድን ነው» ቢሆን ካርዱ የሚናገረው ያገኛል። መልሱ ካላስደሰተሽ ደግመሽ አትበውዢ፤ አምስቴ ከደገምሽ አንዱ መቼም ደስ ይልሻል።

አንድ የሚያምታታ ነገር፦ በራይደር ዌይት ብርታት 8፣ ፍትሕ 11 ነው። በማርሴይ ተገላቢጦሽ ነው። መጽሐፍሽና ካርድሽ ካልተስማሙ ስህተት እንዳይመስልሽ።

የማርሴይ ሰው
ትክክለኛው የማርሴዩ ነው። ያዛወሩት እነሱ ናቸው።

ብሩኬ
ሊያ፣ እንዲህ ከሆነ ለጥንቆላ ሳይሆን ራስን ለመጠየቂያ ነው የምትሉት። እሺ፣ ይሄን አልቃወምም። ማክዳ፣ አንድ ነገር ልጨምር፦ አዲስ ካርድ በቁጥር ተራ ስለሚመጣ በእጅ ወደ ላይ ወደ ታች መበወዝ ቶሎ አይበታትነውም፣ ጎረቤታሞቹ አብረው ይወጣሉ። ጠረጴዛ ላይ ሁሉንም አፍርሰሽ በሁለት መዳፍ እያዞርሽ አሺው፣ ከዚያ ሰብስቢው። ማሳተም ካሰብሽ ፋይሉን ኤ3 ላይ መደርደሩን እኔ አግዝሻለሁ፣ በኢንቦክስ ላኪ። ገብርኤል ጋ አትላኪኝ እንጂ።

የገብርኤል ልጅ
ሂድና እየው መጀመሪያ። ቡና ሁሉ ይጋብዝሃል።

ሰሚ አቶቴ
ማክዳ ምን ወሰንሽ? የኔን ካርድ የሚፈልግ ካለ በነፃ እሰጣለሁ፣ ጓንት ይዞ ይምጣ።

ወንድወሰን ቲ.
ፋይዳውን ከፒዲኤፉ አስታተምኩ፣ ኪውአሩ ተነበበ። ትዕግስት ተባረኪ።

ትዕግስት ታቦር
አሜን። ስንት አስከፈሉህ?