የሜቶዲስቱ ቄስ ሄንሪ ማክኒል ተርነር፦ የጦር ቄስ፣ መምህር፣ በኋላም የፍልሰት ሰባኪ

የታሪክ ወዳጅ (ጥያቄ)፦

ስለ ቄስ ሄንሪ ማክኒል ተርነር ሰሞኑን ሳነብ ሁለት ነገሮች አልገጥም ስላሉኝ፣ የምታውቁ ብታብራሩልኝ ብዬ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ቄሱ በ1834 በደቡብ ካሮላይና፣ በኒውቤሪ ከነፃ ጥቁር ቤተሰብ ተወለዱ፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የአንደኛው የጥቁር ወታደሮች ሬጅመንት ቄስ ሆነው ዘመቱ፤ በ1880 ደግሞ የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ኤጲስ ቆጶስ ሆነው ተመረጡ። ያገኘኋቸው ጽሑፎች «መምህር» ይሏቸዋል፤ ይሁን እንጂ በጦር ሜዳ ያለ ቄስ ከጸሎት፣ ከስብከትና ሙታንን ከመቅበር አልፎ ምን እንደሚያስተምር አይናገሩም። ከዚህ ይልቅ ያስቸገረኝ ግን፣ ወጣቶችን ለዚያ ሠራዊት የመለመሉ ሰው በኋላ ዘመናቸው ሕዝባቸው አገሩን ትቶ ወደ አፍሪካ እንዲሄድ መስበካቸው ነው። ሁለቱ ሰዎች እንዴት አንድ ሰው ይሆናሉ?

ብራና ገላጭ፦

ስለ መምህርነታቸው ከልጅነታቸው መነሣት ይሻላል። በተወለዱበት በዚያው በ1834 የደቡብ ካሮላይና ምክር ቤት ባሪያዎችን ማንበብና መጻፍ ማስተማርን በሕግ ከለከለ። ተርነር ባሪያ ባይሆኑም ለጥቁር ልጅ የተከፈተ ትምህርት ቤት አልነበረምና፣ ፊደሉን ከዚህም ከዚያም ለቃቅመው ነው የያዙት። ኋላ በአቤቪል ከተማ በአንድ የጠበቆች ቢሮ ተቀጥረው ሲያገለግሉ፣ እዚያ የሚሠሩት ወጣት ነጮች የልጁን የማስታወስ ችሎታ አይተው፣ ሕጉ ምንም ቢል ንባብ፣ ሒሳብና ታሪክ አስተማሯቸው። በ1853 የደቡቡ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የመስበክ ፈቃድ ሰጠቻቸው፤ ጥቁር ሰባኪ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ማዕረግ ከፍ እንደማይል ሲረዱ ግን፣ በ1858 ሪቻርድ አለን ወደ መሠረቷት የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን፣ ማለትም ወደ አፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ተሻገሩ። በባልቲሞር ሲያገለግሉም ላቲን፣ ግሪክና ዕብራይስጥ ተምረዋል።

እንግዲህ በ1863 የሬጅመንት ቄስ ሆነው ሲሾሙ የተረከቧቸው ወታደሮች አብዛኞቹ ፊደል እንዳይቆጥሩ የተከለከሉ ሰዎች ነበሩ። ቄሱ ለአዛዡ ስለ ወታደሮቹ መንፈሳዊና ምግባራዊ ሁኔታ ሪፖርት ያቀርባል፣ ቁስለኛ ይጠይቃል፣ ማንበብ ለማይችለው የቤተሰቡን ደብዳቤ ያነብለታል፣ መልሱንም ይጽፍለታል። ደብዳቤ ማንበብ ደግሞ ወዲያው ወደ ፊደል ማስቆጠር ይመራል፤ ስለዚህ ለጥቁር ወታደሮች የፊደል መማሪያ መጽሐፍ ማግኘት ከቄሶቹ ዋና ሥራዎች አንዱ ሆነ። ነገሩ በተርነር በጎ ፈቃድ ብቻ የቆመ አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1866፣ ኮንግረሱ የጥቁሮቹን ሬጅመንቶች በቋሚ ሠራዊቱ ውስጥ ሲያደራጅ፣ ወታደሮቹን መሠረታዊ ትምህርት ማስተማርን የሬጅመንቱ ቄስ ግዴታ አድርጎ በሕግ ደነገገ። «መምህር» የሚለው ስም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። በጦርነቱ ለጥቁር ሬጅመንቶች ከተሾሙት ከመቶ በላይ ቄሶች መካከል ጥቁሮቹ 14 ብቻ ነበሩ፤ ተርነር የመጀመሪያው ናቸው። በዚያን ጊዜ ነጭ ወታደር በወር 13 ዶላር ሲከፈለው፣ ለጥቁሩ የሚታሰብለት 10 ዶላር ነበር፤ ከዚያም ላይ 3 ዶላር ለልብስ ይቆረጥበታል። ኮንግረሱ ይህን ማስተካከል የጀመረው በሰኔ 1864 ነው። ሬጅመንቱ ግን በቨርጂኒያ ግዛት በዊልሰንስ ዋርፍ የመጣበትን የደቡቦቹን ፈረሰኛ ጦር የመለሰው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በግንቦት ነበር። ተርነርም በቦታው ነበሩ፤ ያዩትንም ለቤተ ክርስቲያናቸው ጋዜጣ ጽፈው ልከዋል።

ሚዛን፦

ብራና ገላጭ ስለ ትምህርቱ ያሉትን እቀበላለሁ። ሁለተኛውን ጥያቄ በተመለከተ፣ ጠያቂው «ሁለት ሰዎች» ማለታቸው ልክ አይመስለኝም፤ የኋለኛው ምሬት የፊተኛውን ተስፋ ያህል ነው።

ያ ተስፋ ምን ያህል እንደነበር ለማየት የጥር 1 ቀን 1863ን ምሽት ማንበብ ይበቃል። ተርነር በዋሽንግተን የእስራኤል ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ፤ ሕዝቡ ተሰብስቦ ፕሬዚዳንት ሊንከን በዐመፁ የደቡብ ግዛቶች ያሉ ባሪያዎችን ነፃ የሚያወጡበትን አዋጅ ይጠብቃል። አዋጁን ያተመው የማታ ጋዜጣ ሲወጣ በግፊያው መካከል ገብተው ቅጂ ለመያዝ ሲታገሉ ወረቀቱ ተቀደደ፤ በመጨረሻ አዋጁ ያለበትን ቅዳጅ ይዘው በፔንስልቬንያ ጎዳና ሮጡ። ቤተ ክርስቲያኑ ደርሰው መድረክ ላይ ቢወጡም ትንፋሻቸው ስላጠረ ማንበብ አቃታቸው፤ ወረቀቱን ለሌላ ሰው ሰጥተው አስነበቡ።

ከጦርነቱ በኋላ ወደ ጆርጂያ ሄደው ቤተ ክርስቲያን ተከሉ፣ አዲሱን ሕገ መንግሥት ባረቀቀው ጉባኤ ተቀመጡ። እዚያ ያሳዩት ለዘብተኝነት እንዲያውም ያስገርማል፤ የተሸነፈው ወገን ፕሬዚዳንት የነበሩት ጄፈርሰን ዴቪስ ምሕረት እንዲያገኙ እስከ መጠየቅ ደርሰዋል። በ1868 ለጆርጂያ ምክር ቤት ሲመረጡ የተመለሰላቸው ውለታ ግን መባረር ሆነ። ነጮቹ ተመራጮች፣ ሕገ መንግሥቱ ለጥቁሩ የመምረጥ እንጂ የመመረጥ መብት አልሰጠውም ብለው ጥቁር ባልደረቦቻቸውን አስወጡ። ተርነር መስከረም 3 ቀን ባደረጉት ንግግር መብታቸውን ከማንም ፊት ተጎንብሰው እንደማይለምኑ ተናገሩ። በ1870 በፌደራሉ መንግሥት ግፊት ተመራጮቹ ቢመለሱም ነገሩ ብዙ አልቆየም። በ1883 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥቁሮች በሆቴል፣ በባቡርና በመሳሰሉት እኩል እንዲስተናገዱ ያዘዘውን የ1875ቱን የሲቪል መብቶች ሕግ ሻረ፤ ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ፍትሕ ላይ የነበራቸው እምነት የተሟጠጠ ይመስላል።

ይህን ስል የፍልሰቱን ሐሳብ ደግፌ አይደለም። የጥቁሮች መብት ተሟጋቹን ፍሬድሪክ ዳግላስን የመሰሉ ሰዎች የተቃወሙት በቂ ምክንያት ነበራቸው። በ1878 ተርነር በቻርልስተን ወደብ ባርከው የሸኟት አዞር የተባለች መርከብ ወደ ላይቤሪያ ስትጓዝ በመንገድ ላይ ብዙ ተሳፋሪዎች በሕመም አልቀዋል።

የታሪክ ወዳጅ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል፤ ሌላውን ሂድ ያሉት እሳቸው ራሳቸው ሄደው ኖረዋል?

ሰሌዳ፦

አልኖሩም። በ1890ዎቹ አራት ጊዜ ወደ አፍሪካ ተጉዘዋል፤ የሄዱት ግን ቤተ ክርስቲያን ለማደራጀት ነው። ለእኛ አንባቢዎች ከሁሉ የሚስበው የ1898ቱ የደቡብ አፍሪካ ጉዞ ይመስለኛል። ከዌስሊያን ሜቶዲስቶች የተለዩት ማንጌና ሞኮኔ «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን የዳዊት መዝሙር ይዘው፣ በ1892 በፕሪቶሪያ «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» የሚባል ማኅበር መሥርተው ነበር፤ ይህ ማኅበር በ1896 ከተርነር ቤተ ክርስቲያን ጋር ተዋሐደ። ተርነርም በደረሱ ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብዙ አገልጋዮችን ሾሙ። ጥድፊያው ግን ዋጋ አስከፍሏል፤ ምክትላቸው አድርገው የሾሟቸው ጄምስ ድዋኔ ብዙም ሳይቆዩ ወደ አንግሊካኖቹ ሄዱ።

አሜሪካ ውስጥ የያዛቸው ደግሞ ኤጲስ ቆጶስነቱና በአትላንታ የሞሪስ ብራውን ኮሌጅ ኃላፊነታቸው ነበር፤ ኮሌጁን ለ12 ዓመታት ያህል መርተዋል። ግንቦት 8 ቀን 1915 በካናዳ፣ ዊንዘር ከተማ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ሄደው ሳሉ አረፉ፤ የተቀበሩትም በአትላንታ ነው።