ውሻው ያልጮኸው ለምንድን ነው?

የዕድሩ ጸሐፊ፦ እንደምን አመሻችሁ። ግሩፑን ሁለት ቀን ዘግቼው ነበር። አሁን የከፈትኩት ለአንድ ጥያቄ ነው። እማማ ከቤታቸው ከተወሰዱ ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀናቸው። በእነዚህ ቀናት እዚህ የተጻፈውን ቁጭ ብዬ ወደ ላይ እየሳብኩ አነበብኩት። ከአራት መቶ በላይ መልእክት ነው። «አይቻለሁ» ወይም «ሰምቻለሁ» የሚለው ስድስት ብቻ። የቀረው «ይመስለኛል» ነው። እንግዲህ ተነጋገሩበት፦ ማን ወሰዳቸው የሚለውን ግምት እዚህ መጻፍ ይቀጥል ወይስ ይቁም? የማንንም ስም አትጥሩ። የእርሳቸውንም አትጻፉ፤ ልጆቻቸው ለምነውናል።

የማራኪው፦ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይቁም ማለት ይረሱ ማለት ነው። «ክትትል ላይ ነን» ከሚል ቃል ሌላ እስካሁን ምን ሰማን? ሰፈሩን የምናውቀው እኛ ነን። እስቲ ነገሩን በሰከነ ልብ እዩት። በሩ አልተሰበረም። መብራት የጠፋ ሌሊት ተመርጧል። ውሻው አልጮኸም። ውሻ ደግሞ የማይጮኸው ለሚያውቀው ሰው ነው። ከጓዳ በኩል ያለው ተከራይ «ምንም አልሰማሁም» ይላል። መሀላቸው ያለው የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ሳል ይሰማል። እኔ ማንንም አልከሰስኩም። ድምሩን እናንተው ሥሩት።

ከላይ በር ያለሁት፦ የኔ ልጅ፣ ውሻው እኮ ሞቷል።

የማራኪው፦ የቱ ውሻ እትዬ?

ከላይ በር ያለሁት፦ የእማማ ውሻ ነዋ። ሁዳዴ ሲገባ ነው የሞተው። እኔና ያ ተከራይ ነን ከአጥሩ ኋላ የቀበርነው፤ አካፋውም የእኔ ነው። ሙት እንዴት ብሎ ይጩህ? በሩም ቢሆን ከድሮ ጀምሮ በሽቦ ነው የሚታሰር። ምኑ ይሰበራል?

የማራኪው፦ እሺ ውሻውን ተውኩት። ግድግዳውስ?

ከላይ በር ያለሁት፦ ሐምሌ ነው ልጄ። ያን ሌሊት የወረደውን ዝናብ ረሳኸው? ቆርቆሮው ሲንጫጫ እኔ ከጎኔ የተኛውን የባሌን ማንኮራፋት አልሰማሁም፤ እውነቴን ነው የምልህ።

መምህሩ፦ ውሻው ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ እዚህ ግሩፕ ውስጥ በሕይወት ኖረ ማለት ነው። እኔም ራሴ «እውነትም ለምን አልጮኸም?» ብዬ ሳስብ አድሬያለሁ፤ አፍራለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። በዱሮ ጊዜ ሌባሻይ የሚባል ነበር። ለአንድ ትንሽ ልጅ መድኃኒት በወተት ያጠጡታል። ልጁ ይሰክራል። ወገቡን በመቀነት ይዘው ይለቁታል፤ እየተንገዳገደ በየቤቱ ይገባል። ወድቆ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው፣ አለቀ። ይከፍላል። የመሰከረበት ሰው የለም፣ ያየው ሰው የለም። ያ ልጅ አሁን ስልክ ይዟል።

የማራኪው፦ ጋሽ መምህር፣ እኔን ነው የሰከረ ልጅ ያሉኝ? ☺️

መምህሩ፦ አንተን ብቻ አይደለም። እኔም መቀነቱን ከያዙት አንዱ ነኝ።

የአዘዞዋ፦ ተረቱ ደስ ይላል። እኔ ግን በእገታ ቤቴ የተቃጠለብኝ ሰው ነኝና ላውራ። ወንድሜ ከመንገድ ሲወሰድ ሁሉም «ዝም በሉ፣ ካወራችሁ ይገድሉታል» አሉን። ዝም አልን። ላም ሸጥን፣ የእናቴን ወርቅ ሸጥን፣ ተበደርን፣ ከፈልን። ዛሬም ማን እንደወሰደው አይታወቅም። የወሰዱት ሰዎች ምናልባት እኔው ሱቅ መጥተው ዘይት ገዝተው ይሆናል። ዝም ያለ ሰው ምን አተረፈ? በ2016 መጨረሻ እዚሁ ከተማችን ጎንደር የሁለት ዓመት ሕፃን ታግታ ስትገደል ሕዝቡ ነቅሎ የወጣው ዝም ብሎ ስለኖረ ነው፤ ታምቆ ታምቆ ፈነዳ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከአውቶቡስ ወርደው ገርበ ጉራቻ አካባቢ ሲታገቱ ነገሩ አገር ያወቀው ወላጆች ስለጮኹ ነው። የአንዲት አሮጊት መወሰድ ግን ከሰፈር አያልፍም። ካላወራን ማን ያወራላቸዋል?

ጠበቃዋ፦ እህቴ፣ ያልሽው ልክ ነው፤ ግን ሁለት ነገር ቀላቅለሻል። «እማማ ታግተዋል፣ ፈልጉልን» ማለት ጩኸት ነው። «ተከራዩ ነው» ማለት ፍርድ ነው። በመጀመሪያው ማንም አይከስሽም።

የአዘዞዋ፦ እሺ፣ በሁለተኛውስ? እውነት ሆኖ ቢገኝ?

ጠበቃዋ፦ ሐሰት ሆኖ ቢገኝስ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተከሶ ፍርድ ቤት የቆመውን ሰው እንኳን ጥፋተኛ እስኪባል ንጹሕ ነው ይለዋል። እዚህ ስሙ የተነሣው ሰው ክስ እንኳን የለበትም። ስም ማጥፋት በወንጀል ሕጉ ያስጠይቃል። ከዚያም አዋጅ 1185/2012 አለ። ሁከት ወይም ግጭት ሊያስነሣ የሚችል ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ እስከ አንድ ዓመት እስር ወይም እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ አለበት። ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ እስከ ሦስት ዓመት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር። «ይመስለኛል» ብሎ መጀመር ደግሞ ጋሻ አይሆንም። ደንበኞቼ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሉኝ፤ «መስሎኝ ነው» ይላሉ።

የማራኪው፦ እኛ እኮ 312 ሰው ነን።

ጠበቃዋ፦ ማክሰኞ ዕለት የጻፍከው ስክሪንሾት ተደርጎ ቲክቶክ ላይ ወጥቷል። ከነሙዚቃው።

የማራኪው፦ እኔ አይደለሁም ያወጣሁት።

ጠበቃዋ፦ አውቃለሁ። አንተ የጻፍከውን ግን ሌላ ሰው አልጻፈውም።

ከላይ በር ያለሁት፦ ልጁ ሥራ ቀርቷል እኮ። ተከራዩን ማለቴ ነው። ባጃጅ ነበር የሚነዳው። ባለንብረቱ «ሰው ስምህን ሲያነሣ እየሰማሁ ማኪናዬን አልሰጥህም» አለውና ቁልፍ ተቀበለው። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ አየሁት። ዙሪያውን ሰው የለም። ደጀ ሰላሙ ሙሉ ነው፣ እርሱ ጋ ግን ክፍት ቦታ።

የአዘዞዋ፦ ይሄ ያሳዝናል። ንጹሕ ከሆነ።

ከላይ በር ያለሁት፦ አየሽ፣ «ከሆነ» አልሽ።

መምህሩ፦ አንድ የውጭ አገር ታሪክ ልጨምር፤ ረዘመ እንዳትሉኝ። በፈረንጆቹ 1969፣ በዲሴምበር መጨረሻ፣ ለንደን ዊምብልደን ውስጥ አንዲት ሴትዮ ከቤታቸው ተወሰዱ። ባላቸው የጋዜጣ ድርጅት ምክትል ኃላፊ ነበሩ። ጠላፊዎቹ የፈለጉት ግን እርሳቸውን አልነበረም። የድርጅቱን አለቃ የሩፐርት መርዶክን ሚስት ነበር። መርዶክ ከአገር ሲወጣ የድርጅቱን ሮልስ ሮይስ ምክትሉ ይነዱት ነበር፤ ጠላፊዎቹ መኪናውን ተከትለው ሄደው የተሳሳተ ቤት ገቡ። አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ጠየቁ። ሁለት ወንድማማቾች በ1970 ተፈረደባቸው። የሴትዮዋ አስከሬን ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ በ2024 ጭምር እርሻው ተቆፍሯል። አሁን አስቡት፣ ያኔ እንደ እኛ ያለ ግሩፕ ቢኖር ምን ይጻፍ ነበር? ባል፣ ልጅ፣ ሠራተኛ፣ የውርስ ጠብ። «መኪና ተሳስተው ነው» ብሎ የሚገምት አንድ ሰው አይገኝም።

የማራኪው፦ ይሄኛው ጥሩ ነው። ቢሆንም ጋሽ መምህር፣ የአገራችንን ሌላውን ልማድ ለምን ዘለሉት? አውጫጭኝ ነበር አይደል? ሕዝብ ተሰብስቦ ጥፋተኛ የሚፈለግበት። እኛስ ከዚያ በምን ተለየን?

መምህሩ፦ ጥሩ መታኸኝ። አዎ፣ አውጫጭኝ ነበር። የአገሩ ሰው ሜዳ ላይ ይወጣል፤ የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ ሰው ሁሉ ይምላል። ያየ ሰው በምስጢር ለሽማግሌዎቹ ይናገራል፤ እርሱ «ወፍ» ይባላል። ጥፋተኛው ካልተገኘ ዕዳውን አገሬው በሙሉ ያዋጣል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። እዚያ የተናገረው ሰው ምሎ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ፊቱን እያዩት ነው፣ ቢሳሳት ከኪሱ ይወጣል። እዚህ ከተሳሳትክ ምን ትከፍላለህ? ዳታ።

የአዘዞዋ፦ ለአውጫጭኙ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆመው የሚውሉት ግን ድሆች ነበሩ፤ አያቴ ሲያማርሩ ነው የሞቱት። እርሱንም አታሳምሩት።

መምህሩ፦ እውነት ነው። አላሳምረውም።

የእህታቸው ልጅ፦ ጤና ይስጥልኝ። እስካሁን እያነበብኩ ዝም ብዬ ነበር። ክርክሩን ለእናንተ ልተወውና የደረሰብንን ብቻ ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሰው በቅንነት የእኔን ስልክ ቁጥር እዚህ ለጠፈ፤ «መረጃ ያለው ይደውል» ብሎ። ከዚያ ወዲህ ሰባት ሰው «እኛ ጋ ናቸው፣ ብር አስገባ» ብሎ ደውሎልኛል። አንዱ የሚያስነጥስ አሮጊት ድምፅ ሁሉ አሰምቶኛል። እኔም ዘዴ ለመድኩ። «ድመቷን ምን ብለው እንደሚጠሯት ጠይቁልኝ» እላለሁ። እስካሁን የመለሰ የለም። ስድስቱ ወዲያው ዘጉት። ሰባተኛው «ድመት አንወድም ብለዋል» አለኝ።

የማራኪው፦ 😂 ይቅርታ፣ ሳቄ አመለጠኝ።

የእህታቸው ልጅ፦ እኔም ያን ዕለት ስቄያለሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ። ሌላው። ከባሕር ማዶ ያለ አንድ ወንድማችን «ልጆቻቸው አሜሪካ ቤት ገዝተዋል፣ ብር ችግር አይሆንም» ብሎ እዚህ ጽፎ ነበር። ጸሐፊው አጥፍተውታል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን አንድ ሌሊት ሙሉ ቆይቷል። የልጆቹ ያ ቤት የሠላሳ ዓመት የባንክ ዕዳ ነው። ያንን ያነበበ አጋች የሚያየው ዕዳውን አይደለም። ስለ አጋቾቹ ስትገምቱ እነርሱ ስለ እኛ ኪስ እየገመቱ እንደሚያነቡ አስቡ። 312 ሰው ሁሉንም ታውቁታላችሁ?

ጠበቃዋ፦ ይሄ ነው ዋናው ነገር። እኔ በአንቀጽ ስደክም ነበር።

የዕድሩ ጸሐፊ፦ እንግዲህ ሐሳብ ላቅርብ። ያየ፣ የሰማ ሰው ከሦስት ሽማግሌዎች ለአንዱ በአካል ይናገር። እነርሱ ለቤተሰቡና ለመርማሪው ያደርሳሉ። እዚህ ግምት አይጻፍ።

የአዘዞዋ፦ ጋሼ፣ ሽማግሌዎቹ አንዱን ነገር ቢደብቁስ? ዘመዳቸው ቢሆንስ? እኔ በወንድሜ ጊዜ «ለሚመለከተው ነግረናል» የተባልኩትን ያህል ሰላምታ አልተባልኩም። ቢያንስ ስንት መረጃ እንደመጣ፣ ስንቱ እንደተላለፈ በየሳምንቱ እዚህ ይጻፍ። ዝርዝሩን አልጠየቅሁም። ቁጥሩን።

የዕድሩ ጸሐፊ፦ ቁጥሩ ይጻፋል። ከሦስቱ አንዷ ሴት ትሁን፤ አንቺ ብትሆኚስ?

የአዘዞዋ፦ እኔ ሽማግሌ ነኝ እንዴ? ... እሺ።

የማራኪው፦ እኔ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተስማማሁም። ግምት ሁሉ መጥፎ አይደለም። መብራት የጠፋበትን ሰዓት መነጋገር፣ ያን ሌሊት የቆመ መኪና ያየ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ማንን ይጎዳል? ሰው የሚያስታውሰው ሲጠየቅ ነው። እትዬ የውሻውን ነገር የተናገሩት እኔ ስለተሳሳትኩ ነው።

ከላይ በር ያለሁት፦ የጠየቀኝ ስላልነበረ ነው ልጄ። ቤቴ ከእማማ ደጃፍ አሥር እርምጃ አይሞላም። ቡና አፍልቼ ማንም ሳይመጣ ሃያ ሦስት ቀን።

የማራኪው፦ ነገ እመጣለሁ እትዬ።

ከላይ በር ያለሁት፦ ና። ጫማህን ግን ጭቃውን ጥረግ።

ተከራዩ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ነኝ። ከግሩፑ ማንም ስላላስወጣኝ ሁሉንም ሳነብ ነበር። ለመከራከር አይደለም የመጣሁት። ፖሊስ ጣቢያ አራት ጊዜ ሄጄ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ቤት ፈልጌ አግኝቻለሁ፣ ነገ እለቃለሁ። ቁልፉን ለእህታቸው ልጅ ሰጥቻለሁ። የእማማን ዶሮዎች እስከ ዛሬ የማበላው እኔ ነበርኩ። አምስት ናቸው፤ አንዷ ታቅፋለች። ከነገ ወዲያ የሚያበላ ሰው ፈልጉላቸው።

የማራኪው፦ ወንድሜ

የማራኪው፦ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚበሉት?

ተከራዩ፦ ጠዋት አንድ ሰዓት። እህሉ ከምጣዱ ጎን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ለታቃፊዋ ውኃ ብቻዋን ስጣት፤ ሌሎቹ ያባርሯታል።