ለሃይሉክስ ቪጎ 3.0 የትኛው የጉልበት መጨመሪያ ይሻላል? ቺፕ ቦክስ ወይስ ሪማፕ?

ቪጎ ጅማ
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ሃይሉክስ ቪጎ 3.0 ዲ-4ዲ ነው፤ ሞተሩ 1ኬዲ፣ ካምቢዮው በእጅ 5 ማርሽ፣ በፈረንጅ የ2012 ሞዴል፣ የሄደው 210 ሺህ ኪሎ ሜትር። ሥራው ከአጋሮና ከቦንጋ ወደ ጅማ ቡና ማመላለስ ነው፤ አልፎ አልፎ አዲስ አበባም ይወጣል። 8 ኩንታል ሲጫን ዳገት ላይ ከ3ኛ ወደ 2ኛ ማርሽ ያስወርዳል። የቀረቡልኝ አማራጮች ሦስት ናቸው፦ ሴንሰር ላይ የሚሰካ ቺፕ ቦክስ፣ የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም መቀየር (ሪማፕ) እና ነዳጅ ፔዳሉ ላይ የሚገባ መቆጣጠሪያ። ሞተሩን ሳልጎዳ የትኛውን ልምረጥ?

ናፍታ ብቻ
የፔዳሉን ከዝርዝርህ አውጣው። አንድም የፈረስ ጉልበት አይጨምርም። 30 በመቶ ስትረግጥ ለኮምፒውተሩ 50 ተረገጠ ብሎ ይነግርልሃል፤ በቃ ሥራው ይኸው ነው። ጭነት ይዘህ ዳገት ላይ ደግሞ የምትረግጠው እስከ ጥግ ስለሆነ 100 ያው 100 ነው። ከመሪው ሥር ባለው የዲያግኖስቲክ ሶኬት የሚሰኩትን ርካሽ ትንንሽ ነገሮችም አትግዛ፤ ብዙዎቹ ሲከፈቱ ውስጣቸው መብራት ከሚያበራ ቦርድ ሌላ የላቸውም።

ቺፕ ቦክስ በሁለት ይከፈላል። ርካሹ የሚሰካው የኮመን ሬይሉ (ናፍታውን በከፍተኛ ግፊት ለኢንጀክተሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) የግፊት ሴንሰር ላይ ብቻ ነው። ሬይሉ ውስጥ ያለው ግፊት 170 ሜጋፓስካል ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩን 150 ነው ብሎ ይዋሸዋል፤ ኮምፒውተሩም ግፊቱን ይጨምራል፣ ናፍታው ይበዛል። አየሩ ግን ባለበት ነው። ትርፉ ጥቁር ጭስና ሙቀት ነው። ከዚያም በላይ ኮምፒውተሩ እውነተኛውን ግፊት ስለማያውቅ ራሱን መጠበቅ አይችልም። ሲበዛበት ሞተሩ ጉልበት ቀንሶ በዝግታ ብቻ ይሄዳል፤ በዚህ ሞተር ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጡት የብልሽት ኮዶች ፒ0093 እና ፒ1229 ናቸው። ሁለተኛው ዓይነት የተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) ግፊት ሴንሰሩንም አብሮ ይይዛል፤ ከመጀመሪያው ይሻላል።

የኔ ምርጫ ሪማፕ ነው፤ ግን ልኩን ያወቀ። የፋብሪካው ጉልበት 163 ፈረስና 343 ኒውተን ሜትር ነው። ከ15 በመቶ በላይ አትጠይቀው፤ ይህ እስከ 185 ፈረስና 395 ኒውተን ሜትር ድረስ ያደርስሃል። "30 በመቶ እጨምርልሃለሁ" ለሚልህ ፍሪሲዮኑ ሲቃጠል ማን እንደሚከፍል ጠይቀው። በደቂቃ ከ1,800 ዙር በታች ደግሞ ምንም እንዳይጨምርበት ንገረው። እዚያ ተርቦው ገና በቂ አየር አያመጣም፤ ፒስተንና ቢየላ (የፒስተኑ ዘንግ) የሚጎዱትም እዚያ ነው።

ሠሪውን ሁለት ነገር ጠይቀው። የመኪናህን የራሷን ፋይል አንብቦ ኮፒውን ይሰጥሃል ወይስ ከሌላ ቪጎ የተወሰደ ይጭናል? የሶፍትዌሩ ቁጥር ካልተመሳሰለ መኪናው ላይነሳ ይችላል። ሁለተኛ፣ ሲጭን ባትሪው ከ12.5 ቮልት እንዳይወርድ በምን ይዞታል? ቻርጀር ብቻ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ቮልቱ ወርዶ ጽሑፉ መሃል ላይ ሊቋረጥና ኮምፒውተሩ ሊሞት ይችላል። ሙሉ የሆነ ሁለተኛ ባትሪ በኬብል ተያይዞ መቀመጥ አለበት።

ኩሽኔታ
ወንድሜ፣ ሪማፕ ከማለትህ በፊት ይህ ሞተር 210 ሺህ ሄዷል። የ1ኬዲ ትልቁ በሽታ የኢንጀክተሩ (ናፍታ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨው) መቀመጫ ላይ ያለችው የመዳብ ቀለበት ናት። እሷ ስታፈስ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል፤ ጥላሸቱ ዘይቱን እንደ ሬንጅ ያወፍረውና ታች ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍናል። ከዚያ ዘይት አይወጣም፣ ኩሽኔታ ይበላል፣ ሞተር ይወርዳል። በእንዲህ ዓይነት ሞተር ላይ ጉልበት መጨመር መጨረሻውን ማፋጠን ነው።

ምርመራው ከባድ አይደለም። ሞተሩ ሞቆ ባለበት እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈትና አፉ ላይ አገላብጠህ አስቀምጠው። ቀጭን እንፋሎት ቢወጣ ምንም አይደለም። ክዳኑ እየዘለለ ጭስ ፑፍ ፑፍ ካለ ግን አቁም። ቀጥሎ በዲያግኖስቲክ የአራቱን ኢንጀክተሮች የማካካሻ ቁጥር አስነብብ፤ ሞቆ በባዶ ሲዞር ከ+3 እስከ −3 ውስጥ መሆን አለባቸው። ጥርጣሬ ካለ የታችኛው የዘይት መያዣ ወርዶ ወንፊቱ በዓይን ይታይ።

ደግሞም የጎደለህ የፋብሪካው ጉልበት ራሱ ሊሆን ይችላል። የቪጎ ኢንተርኩለር (ተርቦው ያመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ሞተሩ አናት ላይ ነው፤ አየር የሚያገኘው ከኮፈኑ ቀዳዳ ነው። በኮፈኑና በኢንተርኩለሩ መካከል ያለው የጎማ ማሸጊያ ከተቀደደ ወይም ከወደቀ ኢንተርኩለሩ የሚያገኘው የሞተሩን ትኩስ አየር ነው። ይህን ብዙ ሰው አያየውም። የተርቦውን ቱቦዎች መጋጠሚያ በሳሙና ውሃ ቀብተህ 1 ባር አየር ስጣቸው፤ አረፋ ያለበት ቦታ ያፈሳል። የአየርና የናፍታ ፊልትሮ ይቀየር፣ የኢጂአር (የጭሱን ከፊል ወደ ሞተሩ የሚመልሰው) እና የአየር ማስገቢያ ማኒፎልዱ ጥላሸት ይጠረግ። ከዚህ በኋላ ንዳውና ጉልበት ይጎድል እንደሆነ ያኔ ተናገር።

ከፍታ 1780
አንድ ያልተነሳ ነገር አለ። ጅማ ከባሕር ወለል ወደ 1,780 ሜትር ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ወደ 82 ኪሎፓስካል ነው፣ ባሕር ዳርቻ ላይ 101። ሞተሩ የአየር ማስገቢያ ማኒፎልዱ ውስጥ 220 ኪሎፓስካል ቢፈልግ ዱባይ ያለ ተርቦ አየሩን 2.2 እጥፍ ያምቃል፤ ጅማ ያለው 2.7 እጥፍ ማመቅ አለበት። ስለዚህ በፍጥነት ይዞራል፣ የሚያወጣው አየርም የበለጠ ይሞቃል። ለቆላ የተጻፈ ፋይል እዚህ ሲጫን ተርቦው ከአቅሙ በላይ የሚሠራው ለዚህ ነው። የተርቦ ግፊቱ ከፋብሪካው ብዙም እንዳይነካ አድርግ፤ ናፍታውም ጭስ በማይወጣበት ልክ ይታሰር።

የጭስ ማውጫ ሙቀት መለኪያም አስገባ። ሴንሰሩ ከተርቦው በፊት የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ላይ ይግባ፤ ሲበሳ ማኒፎልዱ ይውረድ፣ አለዚያ ፍቅፋቂው ተርቦው ውስጥ ይገባል። ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለረጅም ጊዜ አትንዳ። ከጊቤ በረሃ ወደ ሰኮሩ ሲወጣ ነው ሪማፑ የሚፈተነው። ቁጥሩ ሲወጣ ማርሽ ቀንስ፤ በ4ኛ በ1,500 ዙር ጥርቅም አድርጎ መርገጥ ለሞተሩ ከሁሉ የከፋ ነው። በ3ኛ በ2,500 አየሩ ይበዛል፣ ሙቀቱ ይወርዳል።

ቪጎ ጅማ
እናመሰግናለን። ኮፈኑ ሥር ያለው ጎማ ግማሹ የለም! ክዳኑ አይዘልም። የኢንጀክተሮቹ ቁጥር፦ 1ኛ +0.4፣ 2ኛ −1.1፣ 3ኛ +3.6፣ 4ኛ −2.7። ምን ማለት ነው?

ኩሽኔታ
መደመር ማለት ያ ሲሊንደር ስለደከመ ኮምፒውተሩ ናፍታ ይጨምርለታል ማለት ነው። 3ኛው ወይ ኢንጀክተሩ ናፍታ ያሳንስበታል፣ ወይ ኮምፕሬሽን (አየር የማመቅ ግፊት) የለውም። 3ኛውንና 1ኛውን አለዋውጥ፤ ኢንጀክተሮቹ ላይ የተጻፈው የማካካሻ ኮዳቸውም አብሮ ኮምፒውተሩ ላይ ይቀየር፣ የመዳብ ቀለበቶቹም አዲስ ይሁኑ፣ አሮጌውን መልሶ መጠቀም የለም። የደከመው ቁጥር ወደ 1ኛው ከተዛወረ ኢንጀክተሩ ነው፤ 3ኛው ላይ ከቀረ ኮምፕሬሽን ይለካ። 4ኛውም ድንበሩ ላይ ነውና አራቱንም ቴስት ቤንች (የኢንጀክተር መፈተሻ ማሽን) ላይ አስለካ። የኮፈኑን ጎማ ግን ዛሬውኑ ግዛ። ይህ ሳይስተካከል ሪማፕ አታስነካ።

ናፍታ ብቻ
እስማማለሁ። ሪማፑ ከተሠራ በኋላ ዘይቱን በየ5,000 ኪሎ ሜትር ቀይር፤ 7 ሊትር ገደማ ይወስዳል። የመጀመሪያው 5,000 ላይ የተቀየረውን ፊልትሮ ቅደደውና ወረቀቱን ዘርግተህ እየው፤ ሲነካ የሚያሻክር ጥቁር ቅንጣት ካለበት ወደ ወንፊቱ ተመለስ።